አፈኛ ግድግዳ

ራሴን «እንኳን ለቤትህ አበቃህ!» ብዬ ብመርቅ፣ «ቃህ፣ ቃህ፣ ቃህ» ብሎ ሳቀብኝ። ግድግዳው ነው።

ሐረር ተወልዶ እንዳደገ ሰው ተረብ አይገርመኝም። የሸዋ በር ሻጮች ዋጋ ስጠይቅ ተርበውኛል፤ የፈረስ መጋላ ባጃጆች ሳልሳፈር ተርበውኛል። በገዛ ገንዘቤ ያስለሰንኩት ግድግዳ ሲተርበኝ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

ክፍሉ ከጀጎል ውጭ፣ ሸንኮር ውስጥ ነው። ወርዱ 3 ሜትር ከ40፣ ርዝመቱ 3 ሜትር ከ40፣ ከፍታው 2 ሜትር ከ80። ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣሪያው ሶሌታ፣ በሩ ብረት። ሐሳቤ ከምሳ በኋላ በሩን ዘግቼ፣ የአባቴን ቴፕ ከፍቼ፣ አሊ ቢራን መስማት ነበር። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ያጣነው የድሬዳዋው አሊ በኦሮምኛም፣ በሐረሪም፣ በአማርኛም ዘፍኗል። የኔ ክፍል ግን ለማንም የማይገባ ሌላ ቋንቋ ጨመረለት። የመጀመሪያው ቃል ሳይወጣ ሁለተኛው ይገባል፣ ኡዱና ባሱ ተደባልቀው ገንፎ ይሆናሉ።

ብሶቴን ይዤ መኪና ግርግር ወዳለው ልብስ ሰፊ ጓደኛዬ ሄድኩ። መኪና ግርግር ለማታውቁት፣ ጀጎል ውስጥ ግራና ቀኝ ልብስ ሰፊዎች የተደረደሩበት ጠባብ መንገድ ነው፤ ስሙንም ያወጣለት የስፌት መኪናው ግርግርታ ነው። ሌላው ከተማ መንገዱን በንጉሥና በጀግና ይሰይማል፤ እኛ በጫጫታ ሰይመናል። እዚያ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ስለ ድምፅ አንድ ነገር ሳያውቅ አይቀርም ብዬ ነው።

«ምን ሆነሃል?» አለኝ፣ መርፌውን በጥርሱ ይዞ።

«ክፍሌ ያስተጋባል።»

«አቦ ባዶ ነገር ሁሉ ያስተጋባል። ጀሪካን መትተህ አታውቅም? ጭንቅላትህንስ?»

«ባዶ አይደለም፤ ዕቃ አለው።»

«ምን አለው?»

«ሁለት ስፒከርና አንድ የፕላስቲክ ወንበር።»

«ታዲያ ይሄ ቤት ነው ወይስ የቀበሌ ስብሰባ?»

ማታ ሱቁን ዘግቶ መጣ። መሃል ቆሞ አንድ ጊዜ አጨበጨበ፤ ክፍሉ «ትርርርር» አለ። «ወላሂ እኔ አንዴ ነው ያጨበጨብኩት፣ ግድግዳህ ሙሉ ሠርግ አስገባ!» አለና ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሁለት ለስላሳና ጠንካራ ግድግዳዎች 3 ሜትር ከ40 ተራርቀው ፊት ለፊት ከተፋጠጡ፣ አንዲት ጭብጨባ በአንድ ሰከንድ 100 ጊዜ ያህል ከወዲህ ወዲያ ትሻገራለች። ማንም አይውጣት፣ ማንም አያስቀምጣት።

«የኔ መኪና እንኳን በዚህ ፍጥነት አይሰፋም» አለ ጓደኛዬ፣ ቅናት ቢጤ እየያዘው።

የመጀመሪያው ሐኪም አንድ ስቱዲዮ ውስጥ ሠርቻለሁ የሚል የሰፈር ልጅ ነበር። «የእንቁላል ካርቶን ለጥፍበት» አለኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ካርቶን ለቀምኩ፤ እንቁላል ያልጠበሰ ጎረቤት አልቀረም። ለጥፌ ስጨርስ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ አየችና «ዶሮዋስ መቼ ነው የምትገባው?» አለች። ልብስ ሰፊው ደግሞ አጨበጨበ፣ አዳመጠ፣ ፈረደ፦ «ሳቁን አልተወም። ድሮ ባዶ አፉን ይስቅ ነበር፣ አሁን እንቁላል ጎርሶ ይስቃል።»

እውነቱን ነው። የእንቁላል ካርቶን ስስ ወረቀት ነው፤ ድምፅ የሚይዝበት ሥጋ የለውም። ጎርባጣ መልኩ ጫፍ ጫፉን ትንሽ ይበትነው ይሆናል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አትጠብቁ። ከእንቁላሉ ጋር ሲገዛ ግን ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ሐኪም ስፖንጅ ሸጠልኝ፤ ጥቁር፣ ሾጣጣ፣ ውፍረቱ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል። ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አለበስኩት። ሙዚቃው ታፈነ። ፀናፅሉ ጠፋ፣ «ሰ» እና «ሸ» የሚሉ ፊደላት ከግጥሙ ወጡ፣ ባሱ ግን እንደ ድሮው ያጓራል። አሊ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ከበርሜል ጋር የሚጣላ ይመስል ነበር።

«ይሄንን ያለበስከው ምንድን ነው?» አለ ጓደኛዬ፣ ስፖንጁን በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ እንደ ጨርቅ እየመረመረ። «ነጠላ እኮ ነው ያለበስከው! በነጠላ ብርድ ይመከታል?»

ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር ከሱ በተሻለ ያስረዳኝ ሰው አላጋጠመኝም። ነጠላ ለፀናፅል፣ ጋቢ ለዘፋኙ ጉሮሮ፣ ቡሉኮ ለባስ። ስፖንጅም ሆነ ጥጥ ድምፅን አጥግቦ የሚበላው ውፍረቱ ወደ ማዕበሉ ርዝመት ሩብ ሲጠጋ ነው። 2 ሴንቲ ሜትር ተኩሉ ደህና የሚሠራው በሰከንድ ከ3,000 ጊዜ በላይ ለሚርገበገበው ቀጭን ድምፅ ነው። በሰከንድ 50 ጊዜ የሚርገበገበው ባስ ግን የማዕበሉ ርዝመት 7 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው፤ ሩቡ 1 ሜትር ከ70 ይሆናል።

«1 ሜትር ከ70 የሚወፍር ስፖንጅ? ያ እኮ ቁመትህ ነው» አለኝ።

«ሁለቱን ግድግዳ ባለብሰውስ?»

«1 ከ70 እና 1 ከ70 ስንት ነው? 3 ከ40። አቦ ክፍሉ አለቀ! አንተ ውጭ ሆነህ ትሰማለህ።»

ይባስ ብሎ የክፍሌ አራቱም ጎን እኩል ነው። ይህች በሰከንድ 50 የምትርገበገብ ባስ በርዝመቱም በወርዱም ልክክ ብላ ትገባለች፤ መንታ ሆና ትቆማለች። ግድግዳ አጠገብ ትወፍራለች፣ መሃል ላይ ትጠፋለች። እኔ ደግሞ ወንበሬን እንደ ዳኛ መሃል ላይ ነው ያኖርኩት። ጓደኛዬ ከጥግ ጥግ እየተራመደ «እዚህ ጋ አለ… እዚህ ጋ ሄደ… እዚህ ጋ መጣ… ባስህ እንደ ውኃ በፈረቃ ነው እንዴ?» አለ። ሐረር ውስጥ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም።

ማስተጋባትን በቁጥር ያሰረው ሰው በሃርቫርድ የፊዚክስ መምህር የነበረው ዋላስ ክሌመንት ሳቢን ነው። በ1895 እ.ኤ.አ.፣ የእኛው ራስ መኮንን ጦራቸውን ይዘው ከሐረር ወደ አምባላጌ በዘመቱበት ዓመት፣ ሳቢን ደግሞ አንድ የማይሰማ አዳራሽ እንዲያክም ታዘዘ። በፎግ ሙዚየም የትምህርት አዳራሽ ውስጥ አንድ ቃል ከ5 ሰከንድ በላይ ይንከራተታል፤ መምህሩ አዲስ ሲናገር ተማሪው ገና አሮጌውን ይሰማል። ሳቢን ከሳንደርስ ቴያትር የወንበር ትራስ አስመጣ። ከተማው ጸጥ ሲል፣ ሌሊት ሌሊት፣ ትራሱን እየጨመረ ይደረድራል፣ የኦርጋን ቧንቧ ይነፋል፣ ድምፁ እስኪጠፋ በሰዓት ይለካል። ሲነጋ ትራሱ ወደ ቴያትሩ ይመለሳል።

ይህን ለጓደኛዬ ስነግረው «ሌሊት ትራስ ተሸክሞ የሚዞር ሰው እዚህ ቢሆን፣ ከጅብ ቢያመልጥ ከባለ ትራሱ አያመልጥም» አለ።

የሳቢን መለኪያ ክፍት መስኮት ነበረች። በመስኮት የወጣ ድምፅ አይመለስም፤ ስለዚህ አንድ ካሬ ሜትር ክፍት መስኮት ማለት ፍጹም የሚውጥ አንድ ካሬ ሜትር ነው። የኔ ክፍል ስፖንጁን ሳንቆጥር፣ ከነሴራሚኩ፣ ከነሶሌታው፣ ከነልስኑ ተደምሮ የሚውጠው በግምት የ2 ካሬ ሜትር መስኮት ያህል ብቻ ነው። በሳቢን ቀመር ሲሰላ ድምፅ 2 ሰከንድ ተኩል ያህል ይቆያል ማለት ነው። ለእንዲህ ያለ ትንሽ ክፍል ከግማሽ ሰከንድ ባይበልጥ ይመረጣል። (ቀመሩ ለአዳራሽ እንጂ ለጓዳ በትክክል አይሠራም የሚል ሐያሲ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ልክ ነህ፤ ተቀመጥ።)

«በርህ ስንት ነው?» አለ ልብስ ሰፊው፣ ሜትሩን ከአንገቱ እያወረደ። ለካው። ወደ 2 ካሬ ሜትር ነው። «በለው! ክፈተውና ግማሹ ይውጣ። በነፃ!»

«ጎረቤትስ?»

«እሱም በነፃ ይሰማላ!»

ልብስ የለበሰ ሰው ራሱ ወደ ግማሽ ካሬ ሜትር መስኮት እንደሚውጥ ስነግረው ጊዜ አላጠፋም፤ በማግስቱ አምስት ሰው ይዞ ለበርጫ መጣ። ስድስት ሰው፣ 3 ካሬ ሜትር። በእርግጥም ክፍሉ ረጋ አለ። «አየህ፣ እንግዳ እንዳይመስልህ» አለኝ ወለሉ ላይ እየተጋደመ፣ «መጋረጃ ነን። መጋረጃ ደግሞ ሻይ ይወዳል።»

ሁነኛው መልስ የተገኘው ግን ጀጎል ውስጥ፣ አማቴ ቤት ነው።

እኛ ሐረሮች «አንቱ»ን አናዘወትርም፤ ለአማቴ ግን አወጣዋለሁ፤ የክት ልብስ ነው። ቤታቸው የድሮ የሐረሪ ቤት ነው። ገብቼ ቆምኩና አንድ ጊዜ አጨበጨብኩ። ጧ። አለቀ። ምንም የተመለሰ የለም።

«ምን ታጨበጭባለህ? ምን ተሰጠህ?» አሉኝ።

«እማማ፣ ቤትዎ እኮ አያስተጋባም!»

«ለምን ያስተጋባል? እኔ አንዴ የተናገርኩት ይሰማል።»

ዞሬ አየሁ። የመቀመጫ መደቦቹ፣ አምስቱ ነደባዎች፣ ከፍና ዝቅ ብለው እንደ ደረጃ ተቀምጠዋል፤ በላያቸው ፍራሽ፣ በፍራሹ ላይ ምንጣፍ፣ በምንጣፉ ላይ ትራስ። ሳቢን በሌሊት ያሸከመው ሁሉ እዚህ በቀን ተነጥፎ ሰው ተቀምጦበታል። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ወፍራም፤ አንድም ቦታ በውኃ ልክ የቀና አይደለም። በውስጡ የተቦረቦሩት መደርደሪያዎች መጽሐፍና ዕቃ ይዘው ድምፁን በየአቅጣጫው ይበትኑታል። ጣሪያው ረድፍ ረድፍ ግንድ ነው። ሰዎች ለመቀመጫ ብለው ሠሩት፤ ጆሮ ደግሞ ተጠቀመ። እኔ ይህን ቤት ጥዬ ወጥቼ፣ ሴራሚክ አንጥፌ፣ ቀጥሎ ስፖንጅ ፍለጋ ዞርኩ።

ነውሩም አይደበቅ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት የቆርቆሮ ሳህኖች ባስ ሲሰሙ አብረው ይንጫጫሉ። ስፌቶቹም፣ ዓለም የሚያደንቃቸው የሐረሪ ስፌቶች፣ ድምፅ በመዋጥ ደካማ ናቸው። ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ይበትናሉ፣ በቀረው ያምራሉ። ቢሆንም አንዱን ለግድግዳዬ ተመኘሁ።

«እማማ፣ ያንን ቢያውሱኝ?»

«የቱን?»

ክዳኑ ሾጣጣ ወደሆነው እየጠቆምኩ በስሙ ጠራሁት፦ «ሐማት ሞት።»

በሐረሪ «ሞት» ስፌት ነው፤ «ሐማት» ያው አማት ናት። ለአማት የሚበረከት መሶብ ማለት ነው። እኔ ግን አማርኛ ስናገር ቆይቼ ነበር፣ አማቴም አማርኛ ሲሰሙ ቆይተው ነበር።

«በቁሜ?» አሉኝ።

ሚስቴ ዘላ ወጣች። እስኪረጋጉ ድረስ የተጋነነ ሳቅ ስስቅ ነበር። በመጨረሻ ስፌቱን ከለከሉኝ፤ ሁለት የጥጥ ፍራሽ፣ አንድ ትልቅ ምንጣፍና ሁለት ትንንሽ ግን ሰጡኝ። «ይሄ ጥጥ ተባዝቶ የተሞላ ነው፤ ያንተን ስፖንጅ ለዕቃ ማጠቢያ አድርገው» ብለው መረቁኝ። ከሁለቱ ሐኪሞቼ ይልቅ የሳቸው ትእዛዝ ሠራ።

አሠራሩን ልንገራችሁ፤ ማንም ሊሞክረው ይችላል። መቀመጫዬ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሁለቱ ልጆቼ መስታወት ይዘው በጎን ግድግዳው ላይ እያንሸራተቱ ሄዱ። መስታወቱ ውስጥ ስፒከሩ የታየኝ ቦታ፣ ድምፁ መጀመሪያ ነጥሮ ወደኔ የሚመጣበት ቦታ ነው። እዚያ ላይ ምልክት። (ባለቤቴ «ቀኑን ሙሉ መስታወት ፊት ነሽ የምትለኝ አንተ ነበርክ» አለችኝ፤ መልስ አላገኘሁም።) በቀኝም በግራም ምልክቱ ላይ ፍራሾቹን አቆምኩ። ግድግዳው ላይ አልለጠፍኳቸውም፤ አንድ ስንዝር ያህል አራቅኳቸው፤ ከኋላ ያለው አየር ውፍረት ይጨምርላቸዋል። ትልቁን ምንጣፍ በኔና በስፒከሮቹ መካከል አነጠፍኩ። ከኋላዬ መደርደሪያ፣ መጽሐፎቹ አንዱ ወጣ አንዱ ገባ ብለው፤ ባለቤቴ ታስተካክላለች፣ እኔ አዘባርቃለሁ፣ እስካሁን አልተስማማንም። ወንበሬን ከመሃል አነሳሁና ከኋላ ግድግዳ 1 ሜትር ከ30 ያህል ላይ አኖርኩት። ስፒከሮቹንም ከግድግዳው ሳብ አደረግኩ። ለዚህ የመጨረሻው ሥራ አንድ ሳንቲም አልወጣም፤ ባሱን በፈረቃ ከመምጣት ያዳነው ግን በአብዛኛው እሱ ነው።

ሁሉንም ላልብስ ስል የከለከለኝ ልብስ ሰፊው ነው። «ፊቱን ብቻ ሸፍነው፤ ከገነዝከውማ ሞተ» አለኝ። ልክ ነው፤ ሁሉም ግድግዳ ከታፈነ ሙዚቃ ትንፋሽ ያጥረዋል። ስፖንጁን ነቅዬ ጣልኩት፤ እሳት ሲያገኝ የሚነድበት ፍጥነት ከኤሌክትሪክ ገመድ አጠገብ የሚተኛ ዕቃ አያደርገውም።

የቀረው የጥግ ባስ ነበር። ባስ ጥግ ይወዳል፤ ሁለት ግድግዳ የሚገናኝበት፣ ግድግዳና ጣሪያ የሚገናኝበት። ሁለቱን ትንንሽ ምንጣፎች በጥጥ ዙሪያ ጠቀለልኳቸው፤ የሰው ወገብ ወፈሩ። አንዱን ጥግ አቆምኩ። ሌላው ቦታ ስላጣ ከበሩ በላይ፣ ጣሪያው ሥር አጋደምኩት። በሰከንድ 50 የምትርገበገበውን ሙሉ በሙሉ አልዋጣትም፤ ጎርናናነቷን ግን ቀንሷል።

አጨበጨብኩ። ጧ። ግድግዳው ዝም። አሊ ገባ፤ ጣቱ የኡዱን ጅማት ሲለቅ ሰማሁ፤ የአባቴ ካሴት እንዲህ ያለ ነገር በሆዱ ይዞ እንደኖረ አላውቅም ነበር። አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ በቤታቸው ጀምረው ዛሬ በራስ ተፈሪ ቤት በሚገኘው ሙዚየማቸው፣ ከብራና መጻሕፍቱ ጎን የድሮ የሐረሪ ዘፈን ቅጂ የሚያሰባስቡት ለምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ደስታዬ ሁለት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ቀን መገራ ወገር ኡጋ ላይ የሸንኮሩ ጎረቤቴ ከፊት ለፊቴ መጣ። መገራ ወገር ኡጋ ሁለት የተኳረፉ ሰዎች ከተገናኙ ትከሻ ሳይነካኩ፣ ስለዚህም ሳይታረቁ፣ አያልፉበትም የሚባልለት ቀጭን መንገድ ነው። መመለሻ የለውም።

«ክፍልህን አከምከው አሉ» አለኝ።

«አዎ፣ ተሻለው።»

«እኔ ታመምኩ።»

ይህን ብዙ ሰው ያምታታል። ጥጥና ምንጣፍ ክፍል ውስጥ ያለውን ማስተጋባት ይበላሉ እንጂ ድምፅ ወደ ጎረቤት እንዳይሄድ አይከለክሉም። የሚከለክለው ክብደትና መዘጋት ነው፤ እንደ አማቴ ቤት ወፍራም ድንጋይ፣ ክፍተት የሌለው በር። ከግድግዳው ስፋት አንድ መቶኛ የምታህል ቀዳዳ ብትኖር፣ ግድግዳው የቱንም ያህል ቢወፍር መከላከያው ከ20 ዴሲቤል አያልፍም። የኔ የብረት በር ደግሞ ከሥሩ ድመት ያስገባል።

«ቀዳዳውን እደፍነዋለሁ» አልኩት።

«አሚር ኑር እንኳን ይህን ሁሉ የጀጎል ግንብ አስገንብተው ወራባ ኑዱል የሚባለው የጅብ ቀዳዳ ቀርቷል። ጅብ ይገባበታል፤ ያንተው ደግሞ ይወጣበታል» አለኝ። ትከሻችን ተነካካ፣ ሳቅን፣ አለፍን። በሩ ሥር ጎማ አስገብቻለሁ፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላም ባስ የለም። ውሉ ይህ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። የሐረር ሰው እንደሚያውቀው፣ በድሮው ልማድ ከበር በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ የተቀመጠበት ቤት ለትዳር የደረሰች ልጅ አለችው። ባለፈው ዓርብ ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ በነጭ ለብሰው መጡ፤ ምንጣፉን ቀና ብለው አዩ፣ እርስ በርስ ተያዩ፣ ሻይ ጠጡ፣ ስለ ልጅቷ ጠየቁ። ልብስ ሰፊው ጥጉ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ማን እንደላካቸው አሁን ገብቶኛል።

ሌሎችም ተነስታችሁ ከሆነ ከመንገድ ተመለሱ። ያሉኝ ሁለት ወንዶች ልጆች ናቸው። ምንጣፉ የባሱ ነው።